አጎቴ የጀመረው ግድግዳ

ምርጫ ተካሄደ ይባል እንጂ ማንም ማንንም አልመረጠም። የዩኒቨርሲቲው የበጎ ፈቃድ ተማሪዎች ማኅበር ከወራት ዝምታ በኋላ እንዲሰበሰብ በተፈቀደለት ቀን፣ የመጡት ተማሪዎች ሁሉ የኋላ ወንበሮች ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። የፊቱ ባዶ ነበር። "እንግዲህ ማን ይምራ?" ሲባል ሁሉም የገዛ ጫማውን መመርመር ጀመረ። ያኔ ከመስኮቱ ሥር አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። ልምራ ለማለት ግን አልነበረም።

"አንድ ነገር ልጠይቅ" አለች። "የእማማ ግድግዳ ምን ሆነ?"

 አጎቴ ከሞተ ወዲህ ያንን ግድግዳ በአፉ የጠራ ሰው አልነበረም።

"ጠያቂዋ ትሁን!" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። "ትሁን፣ ትሁን" አሉ ሌሎቹ፣ ሸክም ከትከሻቸው እንደወረደላቸው ሰዎች። አጨበጨቡ። ልጅቷ ጥያቄ ይዛ ገብታ ሊቀመንበርነት ተሸክማ ወጣች። የጠየቀችው ግን መልስ አላገኘም።

እርሳስ ነበር የሚሏት። የሲቪል ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ከቅጥነቷ ሌላ ፀጉሯን ጠቅልላ የምትይዘው እርሳስ ሰክታበት ስለነበር፣ ስሙን ያወጣላት ሰው ብዙም አልደከመም። ከማኅበሩ ጋር የወጣችው ለጥቂት ቅዳሜዎች ብቻ ነው። ወደ ማኅበሩም ያስገባት አጎቴ ነበር። አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አስቁሟት "እርሳስ፣ አንቺ መስመር ታውቂያለሽ፤ ነይ ገመድ ያዥልኝ" አላት። እምቢ ለማለት አፏን ስትከፍት ገመዱን እጇ ላይ አገኘችው።

አጎቴ የማንም አጎት አልነበረም። እሱም ተማሪ ነው፣ የአራተኛ ዓመት። ግን አዲስ ገቢ ፍራሹን ተሸክሞ ዶርም ሲፈልግ፣ ከየት መጣ ሳይባል የፍራሹን ወዲያኛውን ጫፍ የሚይዝለት እሱ ነበር። የታመመ ክሊኒክ የሚያደርስ እሱ፣ ከዶርም ጓደኛው የተኳረፈውን የሚያስታርቅ እሱ። አንዱ በቀልድ "አጎቴ" አለው፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። መምህራኑ ሳይቀሩ "አጎቴ የት ሄደ?" ይሉ ነበር። የፊት ጥርሶቹ ፍንጭት ነበሩ፤ ሥራ ላይ ሲሆን በፍንጭቱ ያፏጫል። ዜማዋ ሁልጊዜ አንድ ናት፤ ግን መጨረሻዋ ላይ ደርሶ አያውቅም። ልታልቅ ስትል ይተዋትና ከመጀመሪያው ይጀምራታል።

የሞተው ከግቢው አጥር ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ተማሪዎቹ እማማ በሚሏቸው ብቸኛ አሮጊት ቤት ነው። የቤቱ የጓሮ ግድግዳ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ሆዱ የተነፋ ነበር። ማኅበሩ አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራላቸው ተነሣ። ግማሹን አፈረሱ፤ ከአንደኛው ጥግ ጀምረው ብሎኬት ደረደሩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጎቴ፣ የቀረውን ግድግዳ የደገፉትን የብረት ቱቦዎች ሊያይ ብቻውን ወደ ጓሮ ዞረ። ፉጨቱ ይሰማ ነበር። ዜማዋ ልታልቅ ስትል ተቋረጠች። ልማዱ ነው ብለው ማንም ልብ አላለውም። ቀጥሎ የተሰማው የድንጋይ ድምፅ ነበር።

እርሳስ በዚያ ቀን አልነበረችም። ጉንፋን ጥሏት ዶርም ተኝታ ነበር። "እንኳንም አላየሽ" ይሏታል። የነበሩት ግን ያዩትን አንድ ጊዜ አይተውታል። እሷ ያላየችውን ነው ደጋግማ የምታየው፤ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የግድግዳ ንድፍ ሲያነሣ፣ ከንድፉ ኋላ የሆነ ሰው የዞረ ይመስላታል።

*

የማኅበሩ ቢሮ ከመመገቢያ አዳራሹ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ቁልፉን ያመጣላት ምክትሏ ነበር። የሕግ ተማሪ ስለሆነ፣ ደግሞም ሳይጠየቅ መፍረድ ስለሚወድ ዳኛው ይሉታል። ቁልፉን በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ፣ እንደሚያቃጥል ነገር መዳፏ ላይ ጣለው።

"አብረኸኝ ግባ እንጂ።"

"እኔ እዚሁ እጠብቅሻለሁ። አስም አለብኝ፣ አቧራው አይስማማኝም።"

"አስም መቼ ጀመረህ?"

"አሁን" አለ ዳኛው። ሳይስቅ ነው ያለው።

ብቻዋን ገባች። አካፋዎቹ ጥግ ላይ ተደርድረዋል፤ አፋቸው ላይ የደረቀው ጭቃ የዚያ ሰፈር ጭቃ ነው። ጠረጴዛው አቧራ ለብሷል። ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ የአጎቴ ሰማያዊ ጃኬት ተሰቅሏል። ክርኑ ላይ ያለው እጥፋት ገና አልተዘረጋም፤ ክንድ ውስጡ ያለ ይመስላል። እርሳስ ጃኬቱን አልነካችም፤ ወንበሩ ላይም አልተቀመጠችም። አንድ ባዶ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና፣ ሊቀመንበርነቷን በዚያ ጀመረች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዳኛውን እየጎተተች እማማ ቤት ሄደች።

በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ድሮም አጭር ነበሩ፤ አሁን ግን ይበልጥ ወደ መሬት ቀርበዋል። "መጣችሁ?" አሉ፤ ለምን ቀራችሁ አላሉም። የጓሮው ክፍል ግማሽ ግድግዳ በቢጫ ሸራ ተሸፍኗል። ሸራው ነፋስ በሳበው ቁጥር ወደ ውስጥ ይነፋል፣ ይተነፍሳል፣ መልሶ ይለጠፋል። የእማማ አልጋ ከሸራው ሥር ነው። ሌላ፣ ደረቅና ሙሉ ግድግዳ ያለው ክፍል እያላቸው።

"እማማ፣ እንዴት እዚህ ይተኛሉ? ብርድ አይጨርስዎትም?"

"እሽ!" አሉ አሮጊቷ ጣታቸውን አንሥተው። "ሰዓቱ ነው። አሁን ይመጣል።"

እርሳስ ምኑ ብላ ልትጠይቅ ስትል ሰማችው። ፉጨት። ከጓሮ፣ ከሸራው ወዲያ። ቀስ ብሎ ጀመረ፣ ከፍ አለ፣ ከዚያ ድንገት ተቋረጠ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ዳኛው ወደ በሩ ዞሮ ወጣ። እርሳስ የአልጋውን ጠርዝ ያዘች። እማማ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ከመንገድ የገባ የልጇን ድምፅ የሰማች እናት ይመስሉ ነበር።

ልጅቷ ፈሪ አልነበረችም ማለት ውሸት ይሆናል። ፈራች። ግን እየፈራች ሸራውን ገለጥ አድርጋ ወጣች። ጓሮው ውስጥ የድንጋይ ክምር፣ ብሎኬቶቹ፣ ሣር የበቀለበት አሸዋ፤ ሰው የለም። ከተረፈው ግድግዳ አጠገብ፣ አናቱ ከሸራው ማሰሪያ ጋር የታሰረ አንድ የብረት ቱቦ ብቻውን ቆሟል። ጎኑ ላይ ቀዳዳ አለው። ከኮረብታው በኩል ነፋስ ሲመጣ ቱቦው ያፏጫል፤ ሸራው ተነፍቶ ቀዳዳውን ሲደፍነው ይቋረጣል፤ ሸራው ሲመለስ እንደገና ይጀምራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እፎይ ልትል ሲገባት እፎይታው አልመጣም። በደንብ ለማወቅ መዳፏን ቀዳዳው ላይ አደረገች። ፉጨቱ ጸጥ አለ። በመዳፏ ሥር ነፋሱ ሲገፋ ተሰማት፤ የሰው አፍ ያፈነች መሰላትና እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሳበች።

ስትመለስ እማማ አልጋው ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

"ቱቦው ነው እማማ" አለች ቀስ ብላ። "ነፋስ ነው።"

"ቱቦ መሆኑንማ መች አጣሁት ልጄ?" አሉ። "አረጀሁ እንጂ አላበድኩም። በምኑም ይምጣ፣ ብቻ ይምጣ።"

"ግድግዳውን ልንጨርስልዎት ነበር የመጣነው።"

"አይሆንም።"

"ክረምቱ ደርሷል፣ የቀረውም ይወድቅብዎታል።"

"ይውደቅ!" አሮጊቷ ድምፃቸው ተሰበረ። "በእኔ ቤት የሰው ልጅ ተቀብሮ፣ እኔ ሙቅ ብሎኝ ልተኛ? ደግሞ ከደፈናችሁት እሱ በየት በኩል ይገባል? ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ። አካፋ ይዘሽ እንዳትመጪብኝ።"

*

ነገሩ በዚያ ቢቀር የብዙ ሰው ደስታ ነበር። የተማሪዎች ዲኑ "የቤቱ ባለቤት እምቢ ካሉ ምን እናድርግ፤ ችግኝ ትከሉ" አሉ። ዳኛውም "አንድ ሰው ቢወድቅብን ማኅበሩ ለዘላለም ይዘጋል፤ ሕጉ ከእኛ ጋር አይደለም" ሲል ፈረደ። እርሳስ ችግኝ መትከሉን አልጠላችም፤ ተከሉ። ግን ጉድጓድ እየቆፈሩ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ሁሉም ቀና ይል ነበር። ለካ ፉጨቱን ሁሉም ይሰማል። ያኔ እሷ ብቻዋን አለመሆኗን አወቀች፤ ማወቋ ግን አልረዳትም። ደመናው በየቀኑ ከኮረብታው በላይ ይከመራል። ከክፍል ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው ሰማዩን ሆነ።

እንዲህ ባለ አንድ ቀን ነው ከዲኑ ቢሮ የተጠራችው። ከዲኑ ፊት ጥቁር የለበሱ፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ ሴት ተቀምጠዋል። የአጎቴ እናት ናቸው። ልብስ ሰፊ እንደሆኑ ሰምታ ነበር፤ ጣቶቻቸው ሥራ ሲፈቱ እንኳ የቀሚሳቸውን ስፌት ይዳስሳሉ። የልጃቸውን ዕቃ ሊወስዱ መጥተዋል። እስካሁን ለምን እንዳልመጡ ማንም አልጠየቃቸውም።

ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሲሄዱ ተማሪዎች መንገድ እየለቀቁ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። "የአጎቴ እናት ናቸው" የሚል ሹክሹክታ ቀድሟቸው ይሄዳል።

ሴትየዋ ቆሙ። "የማን አጎት?"

"እሱ ነዋ፣ ልጅዎ። ግቢው ሁሉ አጎቴ ነበር የሚለው።"

"አጎት?" አሉ። "ወንድም የለው፣ እህት የለው፤ እኔ ከእሱ ሌላ አልወለድኩ። ከየት አምጥቶ ነው አጎት የሚሆነው?" ጥቂት ተራመዱና ደግሞ ቆሙ። "ይሁን። ሳይሆን ከሚቀር በእናንተ ይሁን።"

ቢሮው ውስጥ ጃኬቱን ከምስማሩ አወረዱት። እርሳስ አንድ ነገር ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ ምንም አልሆነም። እናትየው እጅጌውን በመዳፋቸው አለሰለሱት፤ የክርኑ እጥፋት ተዘረጋ። ለካ ጃኬቱን የሰፉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አጣጥፈው ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱትና "አሁን የሞተበትን አሳዪኝ" አሉ።

"እትዬ፣ ዲኑ..."

"ዲኑን አይደለም የጠየቅኩት። አንቺን ነው።"

*

እማማ በሩን ከፍተው ጥቁር የለበሰችውን ሴት ሲያዩ ማን እንደሆነች የነገራቸው የለም። ግን አወቁ። እዚያው ደፉ ላይ ተንበረከኩና እግሯ ላይ ወደቁ።

"ቤቴ ልጅሽን በላብሽ" አሉ። "ቤቴ በላብሽ ልጄ። እኔን አሮጊቷን ትቶ።"

እናትየው ባሉበት ቆሙ። እርሳስ ፊታቸውን አየች፤ በዚያች ቅጽበት ይቅርታም ቁጣም አልነበረበትም፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ፊት ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው አሮጊቷን በብብታቸው ይዘው አነሷቸው። "ይነሡ እማማ። መሬቱ ይበርዳል" አሉ።

ጓሮ ክፍል ገብተው አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሸራው ተነፋ፣ ተመለሰ። ፉጨቱም መጣ።

"ሰማሽው?" አሉ እማማ፣ ያላቸውን ሁሉ እንደሚያካፍሉ ሰው። "እሱ ነው። ሥራ ላይ እንዲህ ነበር የሚለው።"

እናትየው ወደ እርሳስ ዞሩ። "ልጄ ያፏጭ ነበር እንዴ?"

"ሁልጊዜ" አለች እርሳስ ግራ ገብቷት። "ያለ ፉጨት አይሠራም።"

"እኔ ቤት አንድ ቀን አፏጭቶ አያውቅም። ስሰፋ ጩኸት አልወድም። ከልጅነቱ ጀምሮ የስፌት መኪናው ሲንቀሳቀስ በእግሩ ጣት ነው የሚሄደው።" እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ምን ብሎ ነበር የሚያፏጨው? እስቲ አሰሚኝ።"

 እርሳስ ከንፈሯን አርሳ ሞከረች፤ አየር ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከረች። ዜማዋ ተሰባብራ፣ ተጣማ ወጣች፤ ልታልቅ ስትል፣ አጎቴ ከሚተዋት ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ልጅቷም ሳታስበው ተወቻት። ከእሷ ቀጥሎ ቱቦው አፏጨ። ያኔ ሦስቱም ሰሙት። የቱቦው ፉጨት ዜማ የለውም። አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይቋረጣል።

"ይሄኛው ነፋስ ነው" አሉ እናትየው።

እማማ አላዩዋቸውም። "ነፋስ ነው" አሉ እሳቸውም። "ጸጥ ሲል ግን ድንጋዩን ነው የምሰማው። ስለዚህ ነው። ጸጥ ሲል ያን ቀን እሰማለሁ።"

"እኔም ጸጥታውን ሸሽቼ ነው እስካሁን ያልመጣሁት፤ ቤቴ መኪናዬን ሳላቆም ስሰፋ እውላለሁ።" እናትየው የአሮጊቷን እጅ ያዙ። "እማማ፣ ልጄ እዚህ የመጣው ግድግዳ ሊሠራልዎት ነው። አፍርሶ እንደሄደ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ያስጨርሱልኝ። ለእኔ ብለው።"

እማማ አለቀሱ። እሺ አላሉም። ግን ሲመሽ፣ እናትየውን የት እንደሚያሳድሯት ሲጠየቁ፣ "ሌላ የት ታድራለች?" ብለው አልጋቸውን በገዛ እጃቸው ከሸራው ሥር ጎተቱና ወደ ደረቁ ክፍል አስገቡት።

*

ዲኑን ለማሳመን የሄደችው እርሳስ ብቻዋን አልነበረም። የሕንፃ አወቃቀር መምህሯን ይዛ ሄደች። መምህሯ ቦታውን አይተው፣ የቀረው ግድግዳ ማንም ሥሩ ሳይቆም ከሩቅ በገመድ ተስቦ እንዲወርድ አዘዙ፤ ዲኑም በዚህ ፈቀዱ። ዳኛውም ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ተገኘ። "አስሙስ?" ብትለው "ይግባኝ ብያለሁ" አለ።

ገመዱን ሲስቡ ግድግዳው ለመውደቅ አልቸኮለም። ዘንበል አለ፣ ቆመ፣ ከዚያ ሁለመናው በአንድ ጊዜ ወረደ። አቧራው ሲነሣ ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ጆሯቸውን ይዘው ቁጭ አሉ፤ ማንም አልሳቀባቸውም። ቱቦውን ማን ያውርደው ተባለ። እርሳስ ፈትታ አወረደችውና ሣሩ ላይ አጋደመችው። ቱቦ ነበር፤ ዝገት የያዘው፣ ከሚገመተው የቀለለ።

የመጀመሪያውን ብሎኬት፣ አጎቴ ከደረደራቸው ቀጥሎ፣ እናቱ አስቀመጡት። ጠማማ ሆነ። እርሳስ ልታቃናው እጇን ሰደደች፤ ከዚያ ተወችው፤ መምህሯም አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ግድግዳው ከዝናቡ በፊት ደረሰ። ስለ መጀመሪያው ሌሊት እርሳስ ስትጠይቃቸው እማማ "አልዋሽሽም፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም" አሏት። "አሁንም አንዳንድ ቀን አይወስደኝም። ግን አልበረደኝም።"

እናትየው ከመሄዳቸው በፊት የእርሳስን ስልክ ቁጥር ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኳ ይጮኻል። ሰላምታው አጭር ነው። ከኋላ የስፌት መኪናው ይሰማል። "ሁላችሁም ተመለሳችሁ?" ይላሉ። "ሁላችንም እትዬ" ትላለች። "ተመስገን" ብለው ይዘጋሉ። ለዚህች አንዲት መልስ ስትል እርሳስ ክፉ አለቃ ሆነች። ግድግዳ ሥር የቆመ ተማሪ ካየች ጮኻ ታባርራለች፤ አንዷን አዲስ ገቢ አስለቅሳታለች፣ ይቅርታም አልጠየቀቻትም። ከኋላዋ "እርሳሷ ሾላለች" ይሏታል። ትሰማለች።

አንድ ቅዳሜ ሌላ ሰፈር፣ የአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ቤት ሲሠሩ፣ የዚያችው አዲስ ገቢ እግር ላይ ብሎኬት ወደቀ። ስልኩ ሲጮኽ እርሳስ ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ቆማ ነበር፣ እጇ ገና ሲሚንቶ ነው።

"ሁላችሁም ተመለሳችሁ?"

አዎ ለማለት አፏ ተዘጋጅቶ ነበር። አልሆነላትም።

"ገና ነን እትዬ። አንዷ እግሯ ላይ ብሎኬት ወድቆባት ክሊኒክ ነን። አጥንቷ ደህና ነው መሰለኝ፣ ሐኪሙ እያያት ነው።"

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። 

"እንግዲያው ስልኩን አትዝጊው" አሉ እናትየው።

አልዘጋችውም። ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ጠበቀች።  አንዷ የሌላዋን ትንፋሽ እየሰማች፣ አዲስ ገቢዋ ልጅ እያነከሰች በበሩ እስክትወጣ ድረስ እንዲሁ ቆዩ።